ኮሮላ ላይ የሚያበራ የጌጅ ፊት መግጠም

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ኮሮላ አለኝ፣ ዳሽቦርዱ ማታ ስለሚደበዝዝ ፍጥነቱን ለማንበብ እቸገራለሁ። ከዱባይ የሚያበራ የጌጅ ፊት (የፍጥነቱ ቁጥሮች የተጻፉበት ሰሌዳ) አስመጣሁ። ቀጭን ፕላስቲክ ነው፣ ትንሽ ሳጥን አብሮት አለ። ጠቋሚውን ሳልነቅል ይገጠማል? ገመዱንስ ከየት ላገናኘው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ያቺ ሳጥን ኢንቨርተር ናት፤ የመኪናውን 12 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ትቀይራለች። ፊቱን ያለ እሷ በቀጥታ ባትሪ ላይ እንዳትሰካው። የኢንቨርተሩን ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ከፓርኪንግ መብራት መስመር ውሰድ፣ ኔጌቲቩን ቦዲ ላይ እሰረው። ያኔ የሚበራው መብራት ስታበራ ብቻ ነው። በርቶ እያለ መውጫ ገመዱን አትንካ፣ ይነዝራል።

መልስ 2፦ ስለ ጠቋሚው፣ ፊቱ ሲሠራ መሃሉ ድረስ የተሰነጠቀ ከሆነ ከሥሩ ቀስ አድርገህ ታስገባዋለህ። ካልሆነ መንቀል ግድ ነው። ከመንቀልህ በፊት የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርግና ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ሳበው፣ ምክንያቱም ትንሽ ዞሮ ከተመለሰ ፍጥነቱን አሳስቶ ነው የሚያሳይህ፣ ይሄ ደግሞ አደጋ ነው። ስትጨርስ በስልክህ ጂፒኤስ አስተያየው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የኔው አልተሰነጠቀም።

መልስ 3፦ እንግዲያው ጠቋሚውን ከመንቀልህ በፊት የአዲሱ ፊት ቁጥር በኪሎሜትር መሆኑን እይ፣ ለአሜሪካ የተሠራው በማይል ነው። የዘይትና የባትሪ ማስጠንቀቂያ መብራቶችም እንዳይሸፈኑ። ብርሃን መቀነሻ ካለው ተጠቀምበት፣ ኃይለኛ ሰማያዊ ማታ ዓይን ያደክማል።