ጁሪ በሌለበት አገር፣ ሰውን ከመንግሥት እጅ የሚያስጥለው ምንድን ነው?

ጦሳ ማዶ (ደሴ)

እንደምን ዋላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጁሪ የሚባሉት፣ ከተራው ሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ 12 ሰዎች፣ ተከሳሹ ድርጊቱን መፈጸሙ በማስረጃ ቢታይም፣ ሕጉ ራሱ ግፍ ነው ብለው ካመኑ «ጥፋተኛ አይደለም» ብለው ያሰናብቱታል ይባላል። ያን ቃል ዳኛውም መንግሥትም አይመልሰውም አሉ።

እዚህ ደሴ ነገሩ ተነሥቶ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሹ «ይሄማ የኛው ሽምግልና ነው፣ አበጋሮቹ (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ሲሠሩት የኖሩት» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እኛ ዘንድ ፖሊስና ዳኛ ከተስማሙ አበቃ» ባይ ነው። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ለጁሪው ይህን ሥልጣን የሰጠው ማን ነው? በኛ ሕግ የሚመስለው አለ ወይ? ከሌለ፣ ሰው ተይዞ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ጣቢያ ቢቀመጥ ቤተሰቡ የት ሄዶ፣ ምን ጽፎ፣ በስንት ጊዜ ያስፈታዋል? አንቀጽ ጥቀሱልኝ። «ጠበቃ አማክር» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

የቦርከና ልጅ

የመጀመሪያውን እኔ ልውሰድ። «ሕጉን ልትሽሩ ትችላላችሁ» ብሎ ለጁሪ የሰጠ ሕግ የለም። ሦስት ነገሮች ተገጣጥመው የፈጠሩት ቀዳዳ ነው። ጁሪ ለውሳኔው ምክንያት አይጽፍም፤ በሰጠው ቃል አይቀጣም፤ በነጻ የለቀቀው ሰው በዚያው ጉዳይ ዳግም አይከሰስም፣ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ አይልም። አንዱን ብትመዝ ሌሎቹ አይቆሙም።

«አይቀጣም» የሚለው የመጣው ከለንደን ነው፣ በ1670 እ.ኤ.አ.። ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ መንገድ ላይ በተደረገ የስብከት ጉባኤ ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርጋችኋል ተብለው ተከሰሱ። ጁሪው አልፈርድባቸውም አለ። ችሎቱ ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ እሳት ዘጋባቸው፤ በዚህም ቃላቸውን ሳይለውጡ ሲቀሩ የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው። ከመካከላቸው ኤድዋርድ ቡሼል አልከፍልም ብሎ ታሰረ። ከእስር የወጣው እንዴት እንደሆነ ልብ በሉልኝ፦ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቅርቦ ነው። ዋናው ዳኛ ጆን ቮን ጁሪ በሰጠው ቃል አይቀጣም ብለው ፈቱት። ጁሪ እኛ ዘንድ የለም። ጁሪውን ከእስር ያወጣው አቤቱታ ግን በሕጋችን አለ፤ ሦስተኛው ጥያቄህ መልሱ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1735 ኒውዮርክ ላይ ጆን ፒተር ዜንገር የተባለው አታሚ አገረ ገዢውን የሚነቅፍ ጽሑፍ አትሞ ተከሰሰ። በጊዜው ሕግ ጽሑፉ እውነት መሆኑ መከላከያ አይሆንም ነበር፤ ጁሪው ግን ለቀቀው። የ1850ው ሕግ ያመለጡ ባሪያዎች ለጌቶቻቸው እንዲመለሱ ሲያዝም፣ በሰሜኑ ክፍል ባሪያ አስመልጣችኋል ተብለው በተከሰሱ ሰዎች ላይ አንፈርድም ያሉ ጁሪዎች ነበሩ። በደቡቡ ደግሞ ነጭ ብቻ የተቀመጠበት ጁሪ ጥቁር የገደለን ነጭ በነጻ ሲለቅ ኖሯል። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የ14 ዓመቱን ኤሜት ቲልን በመግደል የተከሰሱትን ሁለት ሰዎች ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል መክሮ ለቀቃቸው። ጁሪን የነጻነት ዘብ ብቻ አድርጎ የሚያወራላችሁ ካለ ይህኛውን ጠይቁት።

በተግባር ሰው የሚሳሳትባቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምር። ከ12ቱ አንዱ ብቻ እምቢ ቢል ተከሳሹ ነጻ አይወጣም፤ ጁሪው ሳይስማማ ይበተናልና መንግሥት በአዲስ ጁሪ ፊት እንደገና ሊያቀርበው ይችላል። ሌላው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1895 በስፓርፍ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ ጁሪው ሕጉን ከዳኛው አንደበት ይቀበላል፤ ዳኛውም እንዲህ ያለ አቅም አላችሁ ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም። በምርጫው ጊዜ «ይህን ሕግ አልሠራበትም» ብሎ በግልጽ የተናገረ ሰው ከጁሪው ይወገዳል። ማንም የማይነግርህ፣ ከተናገርከው የምታጣው አቅም ነው።

አምባሰል 7

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የለም። የቦርከና ልጅ የጠቀሳቸውን በኛ ሕግ ፈልጉ። ምክንያት አለመጻፍ? የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ፍርዱ የማስረጃውን ፍሬ ነገር፣ የተቀበለበትን ወይም የጣለበትን ምክንያት፣ የተመሠረተበትን ሕግ እንዲይዝ ያዛል። የይግባኝ መዘጋት? አንቀጽ 185 በነጻ በተለቀቀ ሰው ላይ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ እንዲል ይፈቅዳል። ከሕጉ ገሸሽ ማለት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛው ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ይላል። ያ ነጻነቱን ሲጠብቅለት ሕጉን እንዳይሽርም ያስረዋል።

«ፖሊስና ዳኛ ከተስማሙ አበቃ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ምክንያቱም ምክንያት መጻፍ ዳኛውንም ያጋልጠዋል። የተጻፈ ነገር ይግባኝ ይባልበታል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ክሱ ካልቆመ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ብዙ ተከሳሽ ይህን ብይን ሳይጠይቅ መከላከያ ምስክር ለመቁጠር ይቸኩላል፤ የራሱ ምስክር አደናብሮ የዐቃቤ ሕግን ቀዳዳ የሚደፍንበት ጊዜ አለ።

ሕጉ ራሱ ግፍ ነው ከተባለ መንገዱ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 84 መሠረት ፍርድ ቤቱ ወይም ባለጉዳዩ የሕገ መንግሥታዊነት ጥያቄውን ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከጁሪ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፦ ጁሪ አንዱን ሰው ያድናል፣ ሕጉ እንዳለ ይቀራል። እዚህ ግን ከተሳካ የሚወድቀው ሕጉ ነው። «ከተሳካ» የሚለውን ግን ሁለቴ አንብቡት።

ሐይቅ ዳር

ስለ አበጋር እኔ ልበል። ወሎ ላይ አበጋር ደም ያደርቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ በዱዓና በምርቃት ሁለት ቤተሰብ ይታረቃል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ጁሪ አይደለም። ጁሪ የሚቆመው በመንግሥትና በሰው መካከል ሲሆን አበጋር የሚቆመው በሰውና በሰው መካከል ነው። ዕርቅ ወርዷል ተብሎ የነፍስ ግድያ ክስ አይቋረጥም። ዕርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲወሰን ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82(1)(ሠ) ከልብ መጸጸትና ጉዳትን በተቻለ መጠን መካስ ቅጣት ያቀላል። ስለዚህ የዕርቁ ሰነድ ካሣው ስንት እንደሆነና መቼ እንደተከፈለ ይግለጽ፣ የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ ይኑርበት፤ የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ። ሽማግሌዎቹ ቀርበው በቃል ብቻ «ታርቀዋል» ቢሉ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። እንደ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት ባሉ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ጉዳዮች ግን ተበዳዩ ታርቆ አቤቱታውን ሊተው ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ «የሕዝብ ዳኝነት» ሁሉ ለነጻነት ነው ለምትሉ አፈርሳታን አስታውሱ። አገሬው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም ነበር። የለንደኑ ጁሪም ተዘግቶበታል፤ እዚያ አትፈርዱም ወይ ተብሎ፣ እዚህ አታወጡም ወይ ተብሎ።

አምባሰል 7

ሦስተኛውን በደንብ እንየው፣ ዋናው እሱ ነውና።

ሰዓት ቁጠሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት የተያዘ ሰው ሐሙስ 8 ሰዓት ሞላው። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ጣቢያውም ፍርድ ቤቱም ደሴ ከተማ ውስጥ ከሆኑ «መንገድ» የሚባል ምክንያት የለም። ቅዳሜና እሑድም አይቆጠርም የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ አታገኙም። 48ቱ ካለፈ፣ ፍርድ ቤት እንዲያስለቅቀው የመጠየቅ መብቱን 19(4) ሊጣስ የማይችል ብሎታል።

ጣቢያ ስትሄዱ የኃላፊውን ስምና ማዕረግ፣ የምርመራ መዝገቡን ቁጥር፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስንቅ የምታደርሰው ሰው ቀንና ሰዓቱን ታስታውስ። «እኛ ዘንድ የለም» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ስንቁ ተቀብሎ መግባቱን የምትመሰክረው እሷ ናት።

አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታው የሚገዛው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 ባሉት ነው። እዚያ የተጠቀሰው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ለደቡብ ወሎ ደሴ፣ ለሰሜን ወሎ ወልድያ ይገኛል። ከአቤቱታው ጋር ቃለ መሐላ ይያያዛል። በውስጡ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ የተያዘው የትና እንዴት እንደሆነ፣ የሚመሰክሩ ሰዎች ካሉ ስማቸው ይገባል። የታሰረው ራሱ መፈረም ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ያቀርባል፤ ሚስት፣ ወንድም፣ ጎረቤትም ቢሆን። ቢያንስ በ3 ቅጂ አዘጋጁ። ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 178 መሠረት ሰውየውን የያዘውን አካል ታሳሪውን ይዘህ ቅረብ፣ የማይለቀቅበትንም ምክንያት አስረዳ ብሎ ይጠራዋል። መያዙ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ በ179 ወዲያው እንዲለቀቅ ያዛል።

የሚበላሸው የት ነው? ከሁሉ በፊት ተጠሪው ላይ። «ፖሊስ» ብሎ ብቻ መጻፍ፣ ወይም የያዘውን ወታደር ስም ብቻ መጥራት መጥሪያውን ያንከራትታል። የጣቢያው ኃላፊ በሥራ መደቡ ይጠራ። ወደ ሌላ ጣቢያ ተወስዷል የሚባል ከሆነ ሁለቱንም ኃላፊዎች ተጠሪ አድርጉ። ቀጥሎ የጽሑፉ ርዝመት። በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች በገጽ ስለሚያስከፍሉ ነው መሰለኝ፣ በደሉን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ይተርኩታል። ዳኛው የሚፈልገው መቼ ተያዘ፣ የት ነው፣ ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ የሚለውን ነው፤ ያ በአንድ ገጽ ያልቃል። የጉዳት ካሣ ጥያቄም እዚያው አትደባልቁ፣ ራሱን የቻለ ክስ ነው።

ትልቁ ስሕተት ግን ይህ ነው፦ ፍርድ ቤት ጊዜ ቀጠሮ (ለፖሊስ ምርመራ የሚሰጥ የእስር ጊዜ) ከፈቀደ በኋላ አካል ነጻ ማውጣት መጠየቅ። ያኔ እስሩ በትእዛዝ ሆኗልና አቤቱታው ይወድቃል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዋስትና ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስከትል ከሆነ፣ ተበዳዩም ሊሞት ይችላል የሚያሰኝ ነገር ከሌለ፣ ዋስትና ይጠየቃል፤ በአንቀጽ 66 ፍርድ ቤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስንበታል። ከተከለከለ በአንቀጽ 75 በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ። ሃያው ቀን ያለፈበት ብዙ ነው፣ «የሚቀጥለውን ቀጠሮ እንይ» እያለ።

አቤቱታው በገባ ማግስት ፖሊስ ሰውየውን ፍርድ ቤት አቅርቦት መዝገቡ ቢዘጋም ተሸነፍን አትበሉ፤ የተፈለገው ዳኛ ፊት መቅረቡ ነበር። እዚያው ችሎት ላይ ጊዜ ቀጠሮውን ተቃወሙ። አንቀጽ 59 እያንዳንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን አይገድብም። ሕጉ በጣም የሚያፈሰው እዚህ ነው። ስለዚህ በየቀጠሮው «ባለፉት 14 ቀናት ምን ሠራችሁ? የቀረው ምስክር ስንት ነው? ሰውየው ዋስ ጠርቶ ቢወጣ ያን እንዴት ያሰናክላል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥያቄውም መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈርልን በሉ። በሦስተኛው ቀጠሮ ያው ምክንያት ሲደገም፣ ይግባኝ የሚያየው ዳኛ በጽሑፍ ያነበዋል።

የቦርከና ልጅ

ቤት ፍተሻንም አትርሱ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 እና 33 ከተቆጠሩ ሁኔታዎች በስተቀር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ይጠቅሳል፤ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ የሚፈተሸው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። በር ላይ «ትእዛዙን አሳዩኝ» ብሎ ሰዓቱን ማየት ነው፤ በጉልበት መከልከል ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ያመጣል። ሕግ በማይፈቅደው መንገድ ሰው የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣውም እወቁ።

ጦሳ ማዶ

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። አንድ ቀረኝ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ ይህ ሁሉ ይሠራል?

አምባሰል 7

አብሽር፣ ጥሩ ጠየቅህ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 93 ተመልከት። በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2) ናቸው። ስለ ነጻነትና ስለተያዙ ሰዎች የሚናገሩት 17 እና 19 ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ሊታገዱ ይችላሉ ማለት ነው። 18 ግን ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው ስለሆነ ታሳሪን መደብደብ በምንም አዋጅ አይፈቀድም።

ስለዚህ አቤቱታ ከመጻፍ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ አዋጁ 48 ሰዓቱን በግልጽ አግዷል? ዛሬስ ጊዜው አላለፈም? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ካልታደሰ ያበቃል። ባበቃ ማግስት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚቆይ ሰው ከላይ ያለው አቤቱታ እንደ ወትሮው ይሠራል። አዋጁ በሥራ ላይ እያለ ደግሞ በ93(5) የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ በ93(6) መሠረት የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በ1 ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ የተያዘበትን ቀንና ቦታ ጠቅሳችሁ ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ እጃችሁ ላይ አስቀሩ።