የብርሃኑ ነጋ ፈተና፦ ማን ነው ልክ፣ አባቴ ወይስ እናቴ?

ከዚራ ልጅ፦ አቦ እህቴ 12ኛ ናት እና ቤታችን ስለ ትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ ክርክር አላባራ አለ፣ አባቴ ሰውየው ኩረጃን አስቆመ ይላል፣ እናቴ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ሳያስተካክል ልጁን በፈተና ይቀጣል ትላለች። እናንተስ?

ለገሃሬ፦ አባትህ ልክ ነው። ድሮ ፈተናው ቀድሞ ቴሌግራም ላይ ይለቀቅ አልነበር እንዴ? የ2014ቱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 ከመቶ የሞላው 3.3 በመቶ ብቻ፣ ጉዱ ወጣ በቃ።

ጠመኔ፦ ወጣ፣ ከዛስ? አስተማሪ ነኝ፣ እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው፣ በዛ ላይ በድሬ ሙቀት ከሰዓት ፈረቃ ገብተህ ልጁ ዓይኑ ሲከደን እያየህ ፊዚክስ አስተምር እስቲ። 2017 ላይ 50 የሞላው 8.4 በመቶ ደረሰ፣ አዎ ከፍ ብሏል፣ ግን አሁንም ከ10 ልጅ 9ኙ እየወደቀ ነው።

ከዚራ ልጅ፦ ሪሜዲያሉስ፣ ላላለፉት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት?

ጠመኔ፦ እሱን ወድጄለታለሁ፣ ለጥቂት ያመለጣቸው ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተከማቸ ክፍተት በጥቂት ወር አይሞላም። እህትህ እንግሊዝኛዋን ትያዝ።

ለገሃሬ፦ አቦ ከአባትህ ጋ መወገኔን ለእናትህ እንዳትነግራት፣ ቡና ትከለክለኛለች 😂