ፌስታል ከቤት ለመቀነስ ከየት ይጀመራል?

የቱሉዲምቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እኔ፣ ባሌ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ። በ2017 የፌስታሉ አዋጅ ከጸደቀ ጀምሮ እንቀንስ እንቀንስ እንላለን፣ ግን ወሬ ብቻ። ከጉልት ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ቃሪያው ለብቻ፣ ቲማቲሙ ለብቻ ተቋጥሮ ይመጣል፤ እንጀራውም ዳቦውም በፌስታል፣ ስጋው በጥቁር ፌስታል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ልጆቹ ሃይላንድ ነው የሚጠጡት። እናቴ «አትጣይው፣ ይጠቅማል» እያለች ታጠራቅምና ከሰል ታቀጣጥልበታለች። ባሌ ደግሞ «አንድ ቤት ቢቀንስ ምን ሊመጣ» ይላል። የሞከራችሁ ካላችሁ ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ንገሩኝ።

ባለጓሮው (ሰበታ)፦
እህቴ ከእንጀራው ጀምሪ። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ከዚያ ቶሎ ይሻግታል፣ ስለዚህ ትርፉ ያንቺው ነው። ሰፌድና ንጹህ ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ፤ ባለሱቁ መጀመሪያ ሊስቅ ይችላል፣ ይለምዳል። ለጉልት ዘንቢል ይበቃል። ሽንኩርትና ድንች ምን አጣላቸው? አብረው ይግቡ፣ ቲማቲሙ ከላይ ይሁን። ስጋ ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ውሰጂ፣ ግን ባዶውን አስቀድሞ ይመዝንልሽ፣ አለዚያ የዕቃውን ክብደት በስጋ ዋጋ ትከፍያለሽ።

ባልሽን ደግሞ ወደኛ ሰፈር ላኪው። ሜዳ ላይ የሚግጡት ላሞች ፌስታል ይበላሉ፣ አይፈጭላቸውም፣ ሆዳቸው ውስጥ ይጠራቀማል። በሬ ሲታረድ ከጨጓራው ስንት ፌስታል እንደሚወጣ አንዴ ይይ።

ስፌት_ወዳጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ «የጨርቅ» ተብሎ የሚሸጠው ያ ቀለማም ከረጢት አብዛኛው ጨርቅ አይደለም፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ያውም ፕላስቲክ። ደጋግመሽ ከያዝሽው ክፋት የለውም፣ በየገበያው አዲስ ከገዛሽ ግን ምኑን ቀነስሽው። አሮጌ አንሶላ ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ ስጪው፣ አንዱ አንሶላ ብዙ ከረጢት ይወጣዋል።

በአዋጅ ብቻ ይቀራል ብላችሁ ደግሞ አትጠብቁ። በ1999 የወጣውም 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ የሳሳ ፌስታል እንዳይመረት፣ ከውጭም እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው?

የቱሉዲምቷ፦
የአንሶላው ሐሳብ ተመችቶኛል። ውሃውስ? እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ለገጣፎ)፦
የኔ እህት፣ አፍልተሽ አቀዝቅዢው። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ማታ አፍልተሽ በንጹህ እንስራ ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ካሳደርሽው ጠዋት ለልጆቹ ኮዳ ይደርሳል። የመብራቱ ወይም የከሰሉ ወጪ አለ፣ አልዋሽሽም፣ ግን በየቀኑ ሃይላንድ ከመግዛት ይሻላል። መንገድ ስትወጡ ግዙ፣ ምንም አይደል። ባዶውን አትጣይው፣ ቆራሌው ይወስደዋል።

ከሰሉን ግን እባክሽ እማማን ለምኚልኝ። የፌስታል ጭስ መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ልጆቹም ይተነፍሱታል። ጭራሮ ወይም ከእንጨት ቤት የሚጣለው ፍቅፋቂ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ባለጓሮው (ሰበታ)፦
ፍቅፋቂውን ማዳበሪያ ይዘሽ ሂጂ፣ አለዚያ እሱንም በፌስታል ነው የሚሰጡሽ 😂