ሴሎች ማይቶኮንድሪያ ይሰራረቃሉ የሚባለው የምር ነው?

ሰላም ጓዶች፣ ሴሎች የሚግባቡት ሆርሞን ምናምን እየለቀቁ ነው ብለው ነበር ያስተማሩን፣ አሁን ደግሞ በቀጭን ቱቦ ተያይዘው ማይቶኮንድሪያ (ያው የሴሉ ጉልበት ማመንጫ) ይቀባበላሉ ሲባል ሰማሁ። የምር ነው ወይስ ወሬ?

መልስ 1፦ የምር ነው ባክህ። እ.ኤ.አ በ2004 ነው ቱቦዎቹን የአይጥ ሴል ላይ ያዩት፣ ከ50 እስከ 200 ናኖሜትር ቢወፍሩ ነው፣ ሴሎቹ ያሉበትን የላብራቶሪ ሳህን ወለል ሳይነኩ እንደተወጠረ ገመድ ከሴል ሴል ይዘረጋሉ፣ ውስጣቸው ደግሞ አክቲን አለ፣ ያው ሴል ሲሄድ ፊቱን ወደፊት የሚገፋው ፕሮቲን።

መልስ 2፦ እኔን የገረመኝ ካንሰሩ ነው! ላብራቶሪ ውስጥ ከቲ ሴል (በሽታ ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች አንዱ) ጋር ሲያስቀምጡት ቱቦ ሰዶ ማይቶኮንድሪያውን ይመጠምጠዋል፣ ሊገድለው የመጣው ወታደር ይዳከማል እሱ ይጠነክራል።

ጠያቂው፦ ወይ ጉድ፣ ታዲያ ቱቦውን መበጠስ አይቻልም?

መልስ 2፦ ቱቦ እንዳይሰራ የሚያደርግ መድሃኒት ሲጨምሩ ስርቆቱ ቀንሷል። ግን ሰውነት ውስጥ ማየቱ ነው ችግሩ፣ ስስ ስለሆኑ ናሙናው ለማይክሮስኮፕ ሲዘጋጅ ራሱ ይበጠሳሉ