የ7ኛ ክፍል ልጄን አልጀብራ እንዴት ላስረዳት?

ጠያቂ፣ ሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ቁጥር ብቻ ከሰጧት ቶሎ ትሠራለች። በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ግራ ይገባታል። የቤት ሥራው ይሄ ነው፦ «አንዲት ነጋዴ አሞራ ገደል (የሐዋሳ ዓሣ ገበያ) ወርዳ ቆሮሶ ዓሣ አንዱን በ60 ብር ገዛች። ለባጃጅ 150 ብር ከፈለች። 4 ዓሣ ተበላሸባት፤ የቀረውን አንዱን በ85 ሸጠች። ትርፏን በኤክስፕሬሽን (በፊደልና በቁጥር በተጻፈ ስሌት) ጻፉ። 40 ዓሣ ብትገዛስ ስንት ታተርፋለች?» ልጄ ዓሣውን «ዓ» ብላ 85ዓ − 4 − 60ዓ − 150 ጻፈች። ልክ አይደለም ተባለች። የቱ ጋ ነው የሳተችው?

የሒሳብ መምህር፦
እህቴ፣ ልጅሽ ብዙውን አግኝታዋለች። መጀመሪያ «ዓ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። «ዓሣ» ካለችሽ ችግሩ እሱ ነው። ዓ የሚወክለው የተገዛውን ዓሣ ብዛት ነው፤ ቁጥር ነው። ይሄን ከሁሉ በፊት ደብተሯ ላይ ትጻፈው። እኔ ክፍል ውስጥ ይሄ መስመር ሳይጻፍ ወደ ስሌት አላሳልፍም።

አሁን 4ቱን እንይ። እሷ ከሽያጩ ላይ 4 ብር ነው የቀነሰችው። የተበላሸው ደግሞ 4 ዓሣ ነው። ስለዚህ የሚቀነሰው ከብዛቱ ላይ ነው፤ የተሸጠው ዓ − 4 ይሆናል። እሱ ቅንፍ ውስጥ ገብቶ በ85 ይባዛል፦

85(ዓ − 4) − 60ዓ − 150

60ው ጋ ቅንፍ አያስፈልግም፤ ለተበላሹትም ከፍላለችና። በዓ ቦታ 40 ተኪ፦ 85 × 36 = 3060፣ 60 × 40 = 2400። 3060 − 2400 − 150 = 510 ብር። በልጅሽ አጻጻፍ 846 ይመጣል። የቅንፏ ነገር ቀላል አይደለም!

ዓሣ ነጋዴ፦
እኔ የምውልበት ሥራ ነው። ፊደሉን ለጊዜው ተይውና በቁጥር ጀምሪላት። 30 ገዛሁ፤ 26 ሸጥኩ፤ 26 × 85 = 2210 ገባ። 1800 ለዓሣ፣ 150 ለባጃጅ ወጣ። 260 ተረፈኝ። ይሄን በአንድ መስመር ታስፍረው፦ 85 × (30 − 4) − 60 × 30 − 150። ከዚያ 30 ባለበት ሁሉ ዓ ትተካ። አለቀ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ቅንፉ ሲፈታ 85ዓ − 340 − 60ዓ − 150 ነው፤ ሲጠቃለል 25ዓ − 490። ኪሳራውም በዚህ ይታያል። 19 ብትገዛ 15 ብር ትከስራለች፤ 20 ብትገዛ 10 ብር ታተርፋለች።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በነጋዴው መንገድ ገባት። የሚበላሸው ቁጥር ካልታወቀስ?

የሒሳብ መምህር፦
ሌላ ፊደል ትጨምራለች፤ በ = የተበላሸው ዓሣ ብዛት ትበል። 85(ዓ − በ) − 60ዓ − 150። ከ40ው 6 ቢበላሽ 2890 − 2400 − 150 = 340 ብር ነው። 510 የነበረው በ170 ቀነሰ፤ ሁለት ዓሣ ተጨምሮ ስለተበላሸ ማለት ነው።