አሮጌ ኮሮላ ውስጥ የቤንዚን ሽታ፦ ከየት እንደሚመጣ እንዴት ላግኘው?

ጠያቂ (ሽሮ ሜዳ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ1988 እ.ኤ.አ. ስሪት ኮሮላ ናት፤ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው)፣ 2ኢ የሚባል ሞተር። የአባቴ መኪና ስለነበረች መሸጥ አልፈልግም። ችግሩ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ፉል ያስሞላሁ ዕለትና በማግሥቱ ይብሳል፤ ወደ ሰፈር ዳገቱን ስወጣ ደግሞ መስኮት ካልከፈትኩ አያስቀምጥም። ቀድመው የሚሸታቸው ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው። ታንኩ ወደ ግማሽ ሲወርድ ሽታው ይጠፋል።

ጋራዥ ወስጃት «ካርቡራተሩ ነው» ተብሎ ተፈታ፤ ኪት (የውስጥ መለዋወጫዎቹ) ተቀየረለት። ሽታው ግን ያው ነው። ስትቆም መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። አሁን ሌላ መካኒክ ነዳጅ ፓምፑን እንቀይር እያለኝ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትረዱኝ። ልጆች ይዤ መንዳቱ ራሱ እያስፈራኝ ነው።

የጎፋ መካኒክ

እህቴ፣ ፓምፑን እንዳታስቀይሪ። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ፓምፑም ካርቡራተሩም ያሉት ከፊት ኮፈን ስር ነው። ከእነሱ ቢሆን ሽታው ከፊት ይመጣ ነበር፤ ታንኩ ሞላ ጎደለ ብሎም አይለይም ነበር። አንቺ የምትዪው ሲሞላ ነው፣ ዳገት ላይ ነው፣ ከኋላ ነው። ይህ የታንኩን የላይኛውን ክፍል ይመለከታል። ቤንዚኑ እዚያ የሚደርሰው ታንኩ ሲሞላ ወይም መኪናዋ ስታጋድል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከነዳጅ መሙያው አፍ እስከ ታንኩ ያለውን ተከተይ። የኋላ ኮፈኑን ክፈቺና በመሙያው በኩል ያለውን የጎን ልባስ አንሺው። የመሙያውን ብረት ከታንኩ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ስትሞዪ አየሩ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ። መኪናዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለሆናት ጎማው ደርቋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ የሚሰነጠቀው ግን ብዙ ጊዜ በሥሩና ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) በሚነክሰው ቦታ ላይ ነው። በእጅሽ ጠምዘዝ አድርጊው፤ ስንጥቁ አፉን ይከፍትልሻል።

እዚያ ከሌለ የኋላ ወንበሩን መቀመጫ አንሺ። ብዙዎቹ ላይ ከሥሩ በብሎን የታሰረ ክዳን አለ፤ እሱን ስትከፍቺ የነዳጅ ጌጁ ተንሳፋፊ ታንኩ ላይ የታሰረበትን ታያለሽ። እሱ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ከደረቀ ዙሪያው ያለው አቧራ ጠቁሮና ረጥቦ ይገኛል። መሬት ላይ ጠብታ አለማየትሽ አያታልልሽ፤ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ትንሽ ከሆነ መሬት ሳይደርስ ይጠፋል።

የምትፈትሺው ፉል አስሞልተሽ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ በቀን ብርሃን ነው። ቦታውን በጨርቅ አድርቂና ነጭ ሶፍት አስጠጊ። ክብሪትም ላይተርም ወደዚያ አይቅረብ። ይህን የምለው ሲያደርጉ ስላየሁ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ በተዘጋ ቦታ ይጠራቀማል፤ በአዲስ አበባ ብርድም ቢሆን ለመያያዝ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

የቀድሞ ታክሲ ሹፌር

የጎፋው ወንድሜ ጨርሶታል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ነዳጅ የጠፋ ሰሞን በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ቤንዚን የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዘሽ አታውቂም? ምንጣፉ ላይ ትንሽ ከፈሰሰ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። እንደዚያ ከሆነ ምንጣፉን አውጥቶ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ሌላው፦ ታንኩ ራሱ ተበስቶ ከተገኘ ሳሙና ለጥፈው «ይሄው ቆመ» ይሉሻል። ሳሙናው ጋራዥ እስክትደርሺ ያግዛል እንጂ ጥገና አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤንዚን የነበረበት ታንክ ሳይወርድ ወይም በደንብ ሳይታጠብ ብየዳ እንዲነካው አትፍቀጂ። ባዶ የሚመስል ታንክ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቃል። ልምድ ያለው በያጅ ታንኩን አውርዶ፣ አጥቦ፣ ውሃ ሞልቶ ነው የሚነካው።

ጠያቂ (ሽሮ ሜዳ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጀሪካን ይዤ አላውቅም። እስከዚያ ግን መንዳት እችላለሁ?

የጎፋ መካኒክ

ምንጩ እስኪገኝ ልጆቹን ባትጭኚ ይሻላል። የግድ ከሆነ ከታንኩ ግማሽ በታች አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ንጂ፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በተዘጋ ጋራዥ ወይም ምድጃ ካለበት ቤት አጠገብ አታሳድሪያት። እርጥብ ካየሽ ደግሞ ሞተር ሳታስነሺ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀዪና መካኒኩ ያለሽበት ይምጣ።

ከጅዳ

እዚህ በሙቀቱ የተነሳ የእኔ አሮጌ መኪና የሚሸተው ቆማ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። በጋለው ሞተር የተነሳ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈላና ይተናል። ትነቱን የሚይዘው ባለ ከሰል ጣሳ ቱቦው ተነቅሎ ነበር፤ መልሼ ስገጥመው ቆመ። ሽታቸው ከፊት ለሆነ ሰዎች ይህን እዩ።

የጎፋ መካኒክ

ትክክል ነው። ከፊት ለሚሸታቸው አንድ ልጨምር፦ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከነበረበት ከፍ ካለ የፓምፑ ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ተቀዶ ቤንዚን ወደ ዘይት እየገባ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘይት መንዳት ሞተር ይበላል፤ ፓምፑም ዘይቱም አብረው ይቀየራሉ። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ጥቁር ጥላሸት ከያዘና ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ጭሱ ከጠቆረ ግን ካርቡራተሩ አብዝቶ እየሰጠ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

ከቨርጂኒያ

ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ያላችሁ ደግሞ በኮድ ማንበቢያ (የመኪናውን የብልሽት ኮድ በሚያነብ መሣሪያ) መጀመር ትችላላችሁ። ፒ0455 ትልቅ የትነት ማፍሰስ ነው፤ ፒ0456 በጣም ትንሽ፤ ፒ0457 የመሙያው ክዳን አለመጥበቅ። ክዳኑ ላይ ያለውን ጎማ ማየት ምንም አያስወጣም። ካርቡራተር በሌለው ባለ ኢንጀክሽን መኪና ላይ ግን መስመሩ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ስላለ ግፊቱ ሳይለቀቅ ቱቦ እንዳትነቅሉ፤ ዓይን ላይ ይረጫል።

ጠያቂ (ሽሮ ሜዳ)

ተገኘ! ዛሬ ጠዋት ፉል አስሞልቼ፣ ቀዝቅዛ፣ ወንድሜ የኋላ ኮፈኑን ልባስ አነሳው። ወፍራሙ ቱቦ ደህና ነው። ቀጭኑ የአየር ቱቦ ግን ወደ ታንኩ በሚገባበት ጫፍ፣ ከፋሼታው ሥር፣ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ሶፍቱ ወዲያው ረጠበ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ላይ ያለው አቧራ ታጥቦ መስመር ሠርቷል። ባትሪውን ነቅለን አቁመናታል። ሶማሌ ተራ (መለዋወጫ ገበያው) ሄጄ ልግዛ ወይስ ሌላ ቦታ?

የጎፋ መካኒክ

እሰይ! ሶማሌ ተራ ታገኚዋለሽ። አሮጌውን ቆርጠሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ውፍረቱ ልክ መሆን አለበት። «የቤንዚን ቱቦ» ብለሽ ጠይቂ፤ የውሃ ወይም የጋዝ ቱቦ ቢረክስም አትቀበዪ፤ ቤንዚን ያሳብጠውና በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። ወፍራሙም እኩል ዕድሜ ስላለው አብሮ ይቀየር፤ ፋሼታዎቹም አዲስ ይሁኑ። ከተገጠመ በኋላ እንደገና ፉል አስሞዪና በሶፍት ፈትሺ። ማደያ ላይ ቀጂው መሣሪያው አንዴ ሲቆም እንዲያቆም ንገሪው፤ እስከ አፉ ድረስ ጨምቀው ሲሞሉት ነው ቤንዚኑ የአየር ቱቦው ውስጥ የሚቆመው።