ቫን ውስጥ መብራት፦ ከሶላሩ በፊት ቁጠራው

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሊድስ ነው የምኖረው። ያገለገለ ቫን ገዝቼ አልጋና ፍሪጅ እየገጠምኩ ነው። ስንት ዋት ሶላር ይበቃኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ጥያቄውን ግን ከጭራው ጀመርከው። መጀመሪያ በቀን ስንት እንደምትፈጅ ቁጠር። የእኔን ልንገርህ። በ12 ቮልት የሚሠራው ፍሪጅ 30 አምፒር-ሰዓት (1 አምፒር ለ1 ሰዓት ሲፈስ 1 አምፒር-ሰዓት ነው) ገደማ ይበላል። አምፖልና ስልክ 8፣ ማታ የናፍጣ ማሞቂያው 12። በድምሩ 50።

አሁን ባትሪ እንምረጥ። 110 አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት የአሲድ ባትሪ በተግባር የሚሰጥህ ግማሹን ነው። ከዚያ በታች እየደጋገምክ ካወረድከው ቶሎ ይሞታል። የእኔን ፍጆታ አንድ ቀን ቢችል ነው። ሊቲየም ከ100ው 80 እና 90 ያወጣልሃል፣ ክብደቱም በግማሽ ገደማ ይቀላል። ዋጋው ግን ያማል። ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ከተሞላ ይጎዳል። ስለዚህ ቫኑ ሆድ ስር አትሰረው፤ ውስጥ ቦታ ፈልግለት።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የመኪናው ዲናሞ ነው። አንድ ጋራዥ ሞተር ሲነሳ የመኪናውን ባትሪ ከዚህ ከሁለተኛው ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ርካሽ ማብሪያ (ሪሌ) ገጠመልኝ። ስኮትላንድ ድረስ 5 ሰዓት ነድቼ ስደርስ ሁለተኛው ባትሪ ልክ ስነሳ እንደነበረው ግማሽ ላይ ነው። ለካ አዳዲሶቹ ዩሮ 6 (የአውሮፓ የጭስ ደረጃ) ቫኖች ዲናሟቸው ብልጥ ነው። የመኪናው ባትሪ ሲሞላለት ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ይቀንሳል። ሁለተኛው ባትሪ ጦሙን ያድራል። መድኃኒቱ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚሞላ ቻርጀር ነው፤ ከዲናሞው የሚመጣውን ቮልት አስተካክሎ ሁለተኛውን ባትሪ ይሞላል። ባለ 30 አምፒሩን ካስገባህ የ2 ሰዓት መንገድ የእኔን የአንድ ቀን ፍጆታ ይመልሳል።

ወደ ሶላሩ ስንመጣ፣ ጁን ላይ ጥሩ ፀሐይ ከወጣ 200 ዋት ይበቃኛል። ዲሴምበር ላይ ግን ሊድስ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ፀሐይዋም ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። የአዲስ አበባ ጣሪያ እንዳይመስልህ። ስትገጥም መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ (የሶላሩን ኃይል ለባትሪው ከሚመጥነው ዕቃ) ጋር አገናኝ፣ ሶላሩን ቀጥለህ። ስትፈታ በግልባጩ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ለሚወጣ ገመድ ሁሉ እዚያው አጠገቡ ፊውዝ አድርግ።

ካምፕ ሳይት ላይ በሰማያዊው ሶኬት የመስመር መብራት ታገኛለህ። አብዛኛው 10 ወይም 16 አምፒር ነው። 10ሩ 2,300 ዋት ላይ ያበቃል። 3 ኪሎዋት የሚስብ የቤት ማንቆርቆሪያ ስትሰካበት ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ ጎረቤትም ያይሃል። ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፤ እንደተጠቀለለ ይግላል። ቫኑ ውስጥ ባለ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ ዕቃ) የግድ ነው። ይሄን ክፍል ለኤሌክትሪሺያን ተውለት፤ እኔም አልነካሁትም።

ጥያቄ፦ እኔ የምለው፣ ቡናስ? ጀበናውን በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው)፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። ግን 1,000 ዋት ምድጃ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ80 አምፒር በላይ ይስባል። ቡናው ተቆልቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ስንደርስ የፍሪጁን የሌሊት ድርሻ ጠጥተን ጨርሰናል። የሚያሞቅ ነገር በጋዝ ይሁን፣ መስኮት ከፍተሽ። ከሰል ግን ቫን ውስጥ በፍጹም! ለዕጣን ብለሽም አታስገቢው። ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ተኝተሽ ሳለ ይገድላል። ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ከአልጋው አጠገብ ስቀሉ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። የእንጀራ ምጣድ ግን ቀድሜ ገዝቻለሁ። አሁን ገልብጬ ሳየው 3,500 ዋት ይላል።

መልስ፦ እሱን እኛ ቤት አምጣው።